ለሻደይ የተመረጠ ክር

ሰቆጣ ውስጥ ነሐሴ ሲቃረብ ሴቱ ሁሉ ቀለም አዋቂ ይሆናል። ዓመቱን ሙሉ ስለ ክር ተጨንቃ የማታውቅ ሁላ፣ የልጃገረዶቹ በዓል ሻደይ ሊገባ ሲል ስልኳን ከፍታ ፎቶ ታሳየኝና «ልክ እንደዚህ፤ ግን ትንሽ ደመቅ ያለ፤ ግን ደግሞ ያልበዛ» ትለኛለች። እኔም «እሺ» እልና የማውቀውን እጠልፋለሁ። ሲያልቅ «ይኸው እኮ ያልኩሽ!» ብለው አገላብጠው ይስሙኛል። ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ ይላል ሌላው አገር። እኛ ዘንድ መበጣጠስ ያለበት ለሻደይ ያልደረሰው ነው።

ቤቴ ከገበያው ጀርባ፣ ባጃጆቹ ከሚቆሙበት ወረድ ብሎ ነው። ብርሃን ስለሚሻል በሩ ሥር ተቀምጬ እሠራለሁ። መንገደኛው ሁሉ ያየኛል፤ እኔም ሁሉን አያለሁ። ለዚህ ነው የሰው ምሥጢር ሳልፈልገው ደጄ ድረስ የሚመጣው።

የፍልሰታ ጾም እንደተያዘ አያ ምንዋጋው መጡ። ጋቢያቸውን እንደተከናነቡ፣ ሳይቀመጡ፣ «ሰው አለ?» አሉኝ።

«የለም። ምነው አያ?»

«ይሄይስን ወባ ገደለው።»

ይሄይስ የዓይናዲስ የበኩር ልጅ ነው። ዓይናዲስ ደግሞ የአያ ምንዋጋው የሟች ወንድማቸው ሚስት ናት። ልጁ በሰኔ ከጓደኞቹ ጋር ለሰሊጥ አረም መተማ ወርዶ ነበር። ከዚህ ቆላ ወርዶ በወባ የቀረው እሱ የመጀመሪያው አይደለም። ጓደኛው ለአያ ምንዋጋው ደውሎ ነገራቸው። እዚያው ቀብረውታል።

መርፌው ከእጄ ወደቀ። ሲሄድ በሻንጣው የያዘውን እጀ ጠባብ አንገቱን የጠለፍኩት እኔ ነኝ። ሰማያዊ መስቀል፣ ጥብቅ ስፌት። «እትየ ጥሩሐረግ፣ ይሄን ለብሼ ሚስት ነው የማመጣው» ብሎ ሲያስቀኝ ነበር።

«እናቱስ?» አልኩ።

«አልሰማችም። ሻደይ እስኪያልፍ አትሰማም። ዘመድ አዝማድ ተቀምጠን ወስነናል።»

«ለምን ሲባል?»

«ስለ ፅዮን ነዋ!»

ፅዮን የይሄይስ እህት ናት፤ የሰፈሩ ልጃገረዶች ዘፈን አውራጅ። ዘንድሮ ግጥሙን የምታወጣው እሷ ናት። ለቅሶ ከእሷ ቤት ከገባ የሰፈሩ ልጆች ሻደይ ይዘው አይወጡም። «ጦርነቱ ስንት ሻደይ እንደበላብን አንቺው ታውቂያለሽ» አሉኝ። «አንድ ዓመት እንኳ ልጆቹ ደስ ይበላቸው። የሞተው እንደሆነ አይመለስ።»

«ታዲያ ለኔ ለምን ነገሩኝ?»

«ዛሬ ነገ ቀሚስ ልታስጠልፍ ትመጣለች። ያለችሽን ሥሪላት፤ አፍሽን ጠብቂ። ሆድ ይፍጀው።»

እሳቸው ጋቢያቸውን አጣፍተው ሄዱ። የኔን ሆድ ማን እንደጠየቀው እንጃ። ሰው፣ እናት ልጇ እንደሞተ ሳታውቅ እልል እንድትል ሲወስን፣ ውሳኔውን በአንዲት ጠላፊ ጫንቃ ላይ ጥሎ መሄድ እንዴት ይቀለዋል? ቀኑን ሙሉ ስሰድባቸው ዋልኩ።

ዓይናዲስ በማግሥቱ መጣች። እኔና እሷ ጥልፍ የተማርነው ከአንድ ሰው ነው፤ የቀሳውስቱን ልብሰ ተክህኖ ይጠልፉ ከነበሩት ከእማሆይ ወለተ ሚካኤል። እሷ ስታገባ ተወችው፤ እኔ እንጀራዬ አደረግሁት። ያመጣችው ጨርቅ የሱቅ አይደለም። ከበጋ እስከ ክረምት ራሷ የፈተለችው፣ ሸማኔ የሠራላት፣ ስስና ነጭ። ጉልበቴ ላይ ዘረጋችውና በመዳፏ ዳበሰችው።

«ይሄይስ ደውሎ፣ እማ፣ ለሻደይ ስመጣ በጥልፍ ቀሚስ ተቀበይኝ አለኝ። ከዚያ ወዲህ እንኳ ድምፁን አልሰማሁም። ኔትወርኩ እምቢ ብሎት ነው።»

«አዎ፣ ኔትወርኩ» አልኩ።

ክሮቼን የማስቀምጥበትን የብስኩት ቆርቆሮ ከፈተች። ክር በቤት ጨለማ አይመረጥም ይሉን ነበር እማሆይ፤ ስለዚህ አንድ አንዱን እያወጣች በሩ ላይ ቆማ ለፀሐይ ታሳየው ጀመር። አረንጓዴውን አየችና መለሰችው። ቢጫውን ከጨርቁ ጋር አስጠግታ አየች፤ ገረጣባት። ከዚያ ደማቁን ቀይ ስታወጣ ፊቷ በራ። ባሏ ከሞተ ወዲህ እንዲህ ስትደሰት አይቻት አላውቅም።

«ቀዩ ይለቃል» አልኳት።

«የቱ? አምና ለፅዮን የጠለፍሽበት?»

«ያ ሌላ ነው።»

«ከዚሁ ቆርቆሮ ስታወጪ አይቼሻለሁ። ወንዝ ቢያጥበው አይለቅም ያልሽኝ አንቺው ነሽ።»

«ሰማያዊ ይሻልሻል፣ እትየ ዓይናዲስ። ለዕድሜሽም…»

«ዕድሜዬ ምን ሆነ?» ብላ ሳቀች። «አንቺ ደግሞ! ልጄ ሲመጣ ከሩቅ እንዲያየኝ ነው የምፈልገው። ቀዩን።»

በቀዩ ተስማማሁ። እዚህ ላይ ዝም ብል ኖሮ ነገሩ ሁሉ አያ ምንዋጋው እንዳሰቡት በሆነ ነበር።

«መስቀሉን ከአንገት እስከ ታች ሙይልኝ» አለች። «ጥብቅ አድርገሽ። የዕድሜ ልክ ቀሚስ ነው።»

ጨርቁን አየሁት። ጥብቅ ጥልፍ ስስ ጨርቅ ላይ ከተሞላ በኋላ ልንቀልህ ቢሉት እንደ ወንፊት ቀዳዳ ሆኖ ይቀራል። ሻደይ ሲያልፍ ይህች ሴት ጥቁር ትለብሳለች። ይሄን ሁሉ የፈተለችው ፈትል ሳጥን ውስጥ ይበሰብሳል፣ ወይ ተበጫጭቆ ይጣላል። የሰንሰለት ስፌት ግን አንዱ ቀለበት በሌላው ውስጥ እያለፈ የሚሄድ አንድ ክር ነው፤ ጫፉን ፈትተው ከሳቡት ሁሉም ተከታትሎ ይወጣል፣ ጨርቁም ይተርፋል። ለእሷ ማዘኔን መናገር ስላልቻልኩ ለጨርቋ አዘንኩ።

«ሰንሰለት ላድርግልሽ» አልኳት።

ዓይናዲስ ቀዩን ክር እንደያዘች ቀረች።

«ምን አልሽ?»

«ሰንሰለት። ቀለል ያለ ነው። ቶሎም ያልቃል፤ ጊዜ የለንም…»

«ጉልበትሽ ላይ ያለው ምንድን ነው?»

ጉልበቴ ላይ፣ ከእሷ ጨርቅ ሥር፣ የሌላ ደንበኛ ቀሚስ ነበር። ጥብቅ መስቀል፤ ገና ግማሹ ነው።

«ለእሷ ጊዜ አለሽ» አለች ቀስ ብላ። ከዚያ ዓይኖቿን ከኔ ሳትነቅል፣ «ጥሩሐረግ፣ እማሆይ ስለ ሰንሰለት ምን ይሉን ነበር?»

እሷው ተናገረችው፤ በእማሆይ ድምፅ፣ ልክ እንደሳቸው ረገጥ እያደረገች። «ሕመምተኛ ላለበት ቤት ሰንሰለት ስፉ። ቀን ከከፋ ክሩ ተስቦ ይወጣል፤ ቀሚሱ ለሐዘን ይነከራል።»

በሩን ዘግታ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች።

«እኛ ቤት ማን ታመመ?»

አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይላሉ። ስለ እጅ ግን ያስጠነቀቀኝ የለም። እኔ አፌን ስጠብቅ እጄ ለዓመታት የለመደውን ሕግ ይዞ ወጣ። ያን ሕግ ደግሞ ከሰቆጣ ሴት ሁሉ የምታውቀው ወሬውን መስማት የሌለባት አንዷ ናት።

«ማንም አልታመመም» ልል አሰብኩ። በሚካኤል ብዬ መማል ነበረብኝ። ምላሴ እምቢ አለኝ።

«ይሄይስ ነው» አለች። አልጠየቀችም።

አንገቴን ደፋሁ።

አልጮኸችም። የነጠላዋን ጫፍ አፏ ውስጥ ጠቅጥቃ ነክሳ፣ ወደ ፊት ወደ ኋላ ትወዛወዝ ጀመር። ከውጭ ባጃጅ ጡሩንባውን ይነፋል፤ አንዱ ሽንኩርት ይጣራል። ነጠላውን ከአፏ አውጥታ በአገራችን አገው ቋንቋ፣ በኽምጣኛ፣ የሆነ ነገር አለች፤ በሕፃንነታችን እናቶቻችን ሲያስተኙን የሚሉንን ነው። ከዚያ በላይ መስማት አልቻልኩም፣ ጆሮዬን ያዝኩ።

ቆይታ፣ «መቼ?» አለች።

«ጾሙ ሳይገባ። ወባ ነው።»

«በምን ቀበሩት?»

ይሄን አያ ምንዋጋው ነግረውኝ ነበር። «በጠለፍኩለት እጀ ጠባብ» አልኩ።

«እሱን ጥብቅ አድርገሽ ነበር የሠራሽው።»

«አዎ።»

«ጥሩ አደረግሽ።»

ያን ጊዜ እኔ ነኝ ያለቀስኩት። እሷን እያየሁ፣ ንፍጤ እየወረደ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

«ሻደይ ይለፍ ብለው ነው?»

«ስለ ፅዮን ብለው።»

ተነሥታ ትጮሃለች ብዬ ጠበቅሁ። እውነት ለመናገር እንድትጮህ ፈልጌ ነበር፤ በሩን ራሴ እከፍትላት ነበር። «ጩኺ» አልኳት። «እትየ ዓይናዲስ፣ ልጅሽ ነው። ጩኺ፤ ሻደይ ገደል ይግባ!»

«ልጅቱ ከሰኔ ጀምራ ግጥም ስታወጣ ነው» አለች። «ሌሊት በእንቅልፍ ልቧ ሳይቀር ታንጎራጉራለች። ሌላው ሰው ለእሷ ብሎ ይሄን ከቻለ፣ እኔ እናቷ ያቅተኛል?»

ክሩን እጄ ላይ አስቀመጠችው።

«ቀዩን አድርጊው። ሰንሰለት። ሰንሰለቱን ከአንገት ጀምረሽ ታች ጨርሺው። ማወቄ በኔና ባንቺ መካከል ይቅር።»

ፊቷን አብሳ፣ ነጠላዋን አስተካክላ፣ በሩን ከፍታ ወጣች። ለመንገደኛው ሰላምታ ስትሰጥ ሰማኋት።

በቀሩት የጾም ቀናት ሠራሁት። እስከ ዘጠኝ ሰዓት በባዶ ሆዴ እየጠለፍኩ፣ በየቀለበቱ አያ ምንዋጋውን እረግማለሁ። ከዚያ ደግሞ ምን አጠፉ እላለሁ፤ እሷ ራሷ ያንኑ አደረገች። ንዴቴ የሚያርፍበት አጣሁ። እንደዚያ ቀሚስ አምሮ የወጣ ሥራ ደግሞ የለኝም፤ ይሄም አናደደኝ።

ሻደይ ሲገባ ለበሰችው። ልጃገረዶቹ ለምለሙን የሻደይ ቅጠል ወገባቸው ላይ አስረው፣ እየዘለሉ እየተሽከረከሩ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ወደ አደባባዩ ሲወርዱ ፅዮን ከፊት ነበረች። ድምፅዋ እስከ ሆስፒታሉ ድረስ ይሰማል። ዓይናዲስ ከእናቶቹ መሃል በቀይ ጥልፏ ቆማ ታጨበጭባለች፣ እልል ትላለች። ምሥጢሩን የሚያውቁት ዘመዶች እርስ በርስ ይተያያሉ። «ምስኪን» ይላሉ በሹክሹክታ። እኔ ብቻ ነኝ እጇን ያየሁት፤ ማጨብጨቧን ባቆመች ቁጥር ጎንበስ ብላ የቀሚሷን ጫፍ፣ ክሩ ያለቀበትን ቦታ፣ በጣቶቿ ትይዛለች።

አያ ምንዋጋው በአጠገቤ ሲያልፉ፣ «አፍሽን ስለጠበቅሽ እግዜር ይስጥሽ» አሉኝ።

«አሜን» አልኳቸው። መርፌ ይዤ ቢሆን ኖሮ እንጃ።

ሻደይ ባለፈ በነጋታው፣ ጎህ ሳይቀድ፣ መርዶ ነጋሪዎቹ ተሰበሰቡ። እኔም አብሬ ሄድኩ። ሌሊቱን ዘንቦ መንገዱ ጭቃ ነው፤ ጥቁር ነጠላ ያደረጉት ሴቶች ከኋላ፣ አያ ምንዋጋው ከፊት። በሩን ሊያንኳኩ እጃቸውን ሲያነሡ ክፍት መሆኑን አዩ።

ዓይናዲስ መደብ ላይ ተቀምጣለች። ቀሚሱን አላወለቀችውም። ኩራዝ አጠገቧ ይነድዳል።

«ዓይናዲስ» ብለው ጀመሩ አያ ምንዋጋው፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው። «እንግዲህ የሰው ልጅ ሁሉ…»

«ቀስ ይበሉ አያ» አለቻቸው። «ልጅቱ ተኝታለች። ስትዘፍን ነው ያመሸችው።»

ወደ ኔ ዞረች። «ጥሩሐረግ፣ ነይ። ጫፉን ስፈታ እጄ እምቢ አለኝ።»

ጭቃ እግሬን ይዤ ገብቼ እግሯ ሥር ተንበረከክሁ። ቋጠሮውን በጥርሴ በጠስኩትና ሳብኩ። ክሩ መጣ። ከቀሚሱ ጫፍ ተነሥቶ ወደ ጉልበቷ፣ ከጉልበቷ ወደ ጭኗ፣ ወደ ሆዷ፤ ቀለበቱ በቀለበት እየተፈታ፣ ሳይያዝ ሳይበጠስ። ቤቱ ውስጥ የሚሰማው የክሩ ድምፅ ብቻ ነው። ከኋላዬ የቆሙት መጀመሪያ አልገባቸውም። ከዚያ አንዷ ሴት እጇን አፏ ላይ ጫነች፤ አያ ምንዋጋው የጋቢያቸውን ጫፍ ወደ ፊታቸው ወሰዱ። ክሩ ደረቷ ላይ ደረሰ፣ አንገቷ ጋ አለቀ። ቀዩ ሁሉ እጄ ውስጥ ነው። ቀሚሱ ነጭ ሆነ።

ዓይናዲስ በመዳፏ ደረቷን ዳበሰችው፣ ያን ቀን ጉልበቴ ላይ ስትዘረጋው እንዳደረገችው።

«አሁን ይንገሩኝ» አለቻቸው።

አያ ምንዋጋው አፋቸውን ከፈቱ።

ከጓዳ ፅዮን፣ በዘፈን በጎረነነ ድምፅ፣ «እማ፣ ማን መጣ?» አለች።

ያን ጊዜ ዓይናዲስ ጮኸች።