የማስፈራሪያው ኮት

ምስክር ገጠርን የሚወደው በፎቶ ነበር። ፍኖተ ሰላም ከአውራ ጎዳናው ዳር ባለችው ፎቶ ቤቱ የመታወቂያ ጉርድ ሲያነሣ፣ አንዱን ቀና በል ሌላውን ዝቅ በል ሲል ይሰነብትና፣ እሑድ ሲሆን ካሜራውን አንጠልጥሎ ወደ ጅጋ በሚሄድ መኪና ላይ ይወጣል። ከዚያ በእግሩ ነው። የአደይ አበባ፣ የዋርካ ጥላ፣ ከምንጭ ውኃ የምትቀዳ ሴት፣ ጭድ የተጫነ አህያ፣ ምንም አይቀረው። ጭቃው ጫማውን ሲይዘው ግን ይነጫነጫል፤ ጠላ ሲቀዱለት ከንፈሩን አስነክቶ ይመልሳል። ለገጠር እንዲህ ያለ ወዳጅ ነበር።

ኢሕአዴግ ከገባ ሰንበትበት ብሏል። የወረዳ ካድሬ በየስብሰባው ስለ ታታሪ አርሶ አደር ያወራል፣ ፎቶም ገና በፊልም ነው የሚነሣው። ምስክር ደግሞ አንድ ነገር ቆርጦ ተነሥቷል። ከመስኮቱ የሚሰቅላት፣ አላፊ አግዳሚው ቆሞ «ይኼ ነው ገጠር ማለት!» የሚልላት አንዲት ትልቅ ፎቶ ይፈልጋል። ለዚህ የመረጠው የአያ ላቀውን መልክ ነው። ላቀው ከጅጋ ወጣ ብሎ የሚኖሩ ገበሬ ናቸው፤ የመታወቂያ ፎቶ ሊነሡ መጥተው ነው የተዋወቁት። ግንባራቸው ላይ ያለው መስመር ምስክርን እንቅልፍ ነሣው። «ቤትዎ መጥቼ ላንሣዎት» ቢላቸው ደስ ብሏቸው መርቀውት ሄዱ።

በጥቅምት፣ ለሽምብራ መሬት በሚታረስበት ሰሞን ሄደ። ላቀው አዲስ የክት ልብሳቸውን፣ ጀበርናቸውን ለብሰው፣ ነጭ ጋቢ ደርበው፣ ከዘራ ይዘው ከደጅ ጠበቁት። ቤታቸው ቆርቆሮ ነው፤ በረታቸው ውስጥ ሁለት ጥማድ የሰቡ በሬዎችና የሚታለቡ ላሞች አሉ። ሌላ ሰው ቢሆን «እግዜር ይጨምርልዎ» ይል ነበር። ምስክር ግን ልቡ ወረደ።

«አያ ላቀው፣ ይኼ አይሆንም።»

«ምኑ ልጄ?»

«ልብሱ። አዲስ ነው፣ ገጠር አይመስልም። የሥራ ልብስ የለዎትም?»

የሥራ ልብሳቸውን ለብሰው መጡ። እሱም ታጥቦ፣ ተጥፎ ደህና ነበር። ምስክር ዙሪያውን ሲቃኝ ከበቆሎው ማሳ ዳር እንጨት ላይ የተሰቀለ ኮት ዐየ። ለዝንጀሮ ማስፈራሪያ የቆመ ነው። አንድ እጅጌ የለውም፣ ጀርባውንም አይጥ በልቶታል።

«ያን ቢደርቡትስ?»

የላቀው ሚስት ወይዘሮ እታለም ቀልድ መስሏቸው ሳቁ። ቀልድ አለመሆኑን ሲያዩ ሳቃቸውን ዋጡ። ላቀው ሄደው ኮቱን ከእንጨቱ ላይ አወለቁ፣ አራገፉት፣ ለበሱት። ምስክር ቀጠለ፤ ሳይቸግር ጤፍ ብድር እንዲሉ፣ የሰቡትን በሬዎች አስፈትቶ የጎድን አጥንታቸው የሚቆጠር የጎረቤት ጥማድ አስመጣ። ቆርቆሮ ቤቱ ፎቶው ውስጥ እንዳይገባ ከኋላው አደረገው። «ቀና አይበሉ፣ መሬት መሬት ይዩ» አላቸው። ላቀው መሬት መሬት አዩ። ፀሐይዋ ልታዘቀዝቅ ስትል ብርሃኑ ማር ሆነ፣ ፊልሙም አለቀ። ላቀው ወደ ቤት ሲገቡ ምስክር ከማሳው «እግዜር ይስጥልኝ!» ብሎ ጮኸና መኪና እንዳያመልጠው ሮጠ።

ፎቶዋ እንደ ተመኛት ወጣች። አሳድጎ፣ መስተዋት አልብሶ መስኮቱ ላይ ሰቀላት። አስተማሪው ዐይቶ አጨበጨበ፤ የባንኩ ሠራተኛ «ድህነቱን እንዴት አድርገህ ያዝከው!» አለው። ምስክር ሙገሳውን እንደ ጠጅ ጠጣው። ላቀው ድሃ አለመሆናቸውን መናገር ለአፍታም ትዝ አላለውም።

በገበያ ቀን መስኮቱ ፊት ከቆሙት መካከል ግን አንድ የማንኩሳ ሰው ነበሩ፤ አያ ዳኘው ይባላሉ። ልጃቸው የላቀውን ልጅ ካሰችን ሊያገባ ቃል ተሳስረው፣ ሠርጉ ለጥር ተቆርጧል። በዚያ አገር ሁለት አባቶች ልጆቻቸውን ሲድሩ በሬ ለበሬ፣ ላም ለላም እኩል ነው የሚሰጡት፤ ስለዚህ ከቃል በፊት አንዱ የአንዱን በረት ያያል። ዳኘውም የላቀውን በረት ዐይተው፣ ጠግበው ነበር የተመለሱት። ታዲያ ሌላም ነገር አለ፤ አንዳንድ ብልጣ ብልጥ በረቱ በሚታይበት ቀን የጎረቤት ከብት ተውሶ ያስራል ይባላል። ዳኘው ያንን ኮትና እነዚያን በሬዎች አተኩረው ተመለከቱ። ተታለልሁ አሉ። የመጡበትን ጨው እንኳ ሳይገዙ ወደ ማንኩሳ ተመለሱና «ቃሉ ፈርሷል» ብለው ላኩ።

ይህን ሁሉ ለምስክር የነገሩት ወይዘሮ እታለም ናቸው። አንድ ጠዋት መጥተው መስኮቱ ፊት ብዙ ከቆሙ በኋላ ገቡ። እሱ እንዲቀመጡ ወንበር ሳበላቸው፤ አልተቀመጡም። ሳይጮሁ፣ ሳያለቅሱ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አወሩለት።

«ጌሾው ተወቅጦ ተቀምጧል፤ ልጄ ከቤት አትወጣም» አሉት። «ምን ይሻላልሳ?»

ምስክር ሮጦ ፎቶዋን አወረዳት፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞራት። ጆሮው ድረስ ነደደ።

«ማውረዱ ምን ያደርጋል። ነገ ሽማግሎቹ ዳኘው ዘንድ ይሄዳሉ፤ አፍህን ይዘህ ና» አሉት።

በማግስቱ እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ የላቀው የነፍስ አባት ቄስ ገብረሰንበት ሽማግሎች አስከትለው ማንኩሳ ዳኘው ግቢ ገቡ። ላቀውም እታለምም አሉ። ምስክር ከመጨረሻው ተቀመጠ። ሌሊቱን ሙሉ ንግግር ሲያዘጋጅ አድሯል፤ እውነቱን መናገር ፈርቶ፣ በውብ ቃል ሸፋፍኖ ሊያልፈው ነበር ሐሳቡ።

«ፎቶ ጥበብ ነው» ብሎ ጀመረ። «ብርሃን አለ፣ ጥላ አለ፣ ገበሬው ደግሞ ከአፈሩ ጋር...»

«ጥበቡን ተወው» አሉ ዳኘው። «በሬዎቹ የማን ናቸው?»

«የጎረቤት።»

«ኮቱስ?»

ምስክር ቄሱን ዐየ። ቄሱ አላገዙትም።

«የማስፈራሪያ ነው። ለዝንጀሮ ተሰቅሎ ያገኘሁት። አያ ላቀው ደህና ልብስ ለብሰው ነበር፣ እኔ ነኝ ያስወለቅኋቸው። የራሳቸውንም በሬዎች እኔ ነኝ ያስፈታሁ። ድሃ እንዲመስሉልኝ ፈልጌ ነው።»

አለ። ቀለል የሚለው መስሎት ነበር፤ ግን ሽማግሎቹ ሳቁ። አንዱ «የዝንጀሮ ኮት!» ሲል ሌላው ጋቢውን አፉ ላይ አደረገ፣ ትከሻው ግን ይንቀጠቀጣል። ዳኘው ራሳቸው ፈገግ አሉ። ምስክር ያን ጊዜ ነው የገባው። እውነቱ ላቀውን ከውሸታምነት አወጣቸውና ወደ ሞኝነት ከተታቸው። ላቀው ከዘራቸውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው ተቀምጠዋል፤ እንደ ሌላው አልሳቁም።

«በረቱንስ አሁን አምኛለሁ» አሉ ዳኘው፣ ሳቁ ሲበርድ። «ግን አያ ላቀው፣ አንቱ ምን ነክቶዎት ለበሱት?»

ላቀው ቀና አሉ።

«ባለሙያ ነው ብዬ ነዋ። ሐኪም አውልቅ ሲል ለምን ይባላል? አይባልም። ሥራው እንዲያ ይሆናል አልሁ።» ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ደግሞም ያ መጀመሪያው ነው፤ እሱን ሲጨርስ ሁላችንንም በደህናው ልብስ ያነሣናል ብዬ ነበር። ካሰች ከቤታችን ልትወጣ ነው፤ አብረን የተነሣነው የለንም። እታለም ቀሚሷን ለበሰች፣ ልጂቱንም አሰናዳቻት። እኔም ገብቼ ቀይሬ፣ ሦስታችን ስንወጣ ሄዷል። ወንዙ ድረስ ተጣርቼ ነበር፤ አልሰማም።»

የሚስቅ ጠፋ። ወይዘሮ እታለም የነጠላቸውን ጫፍ ይቋጣጥራሉ። ምስክር መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው ወደደ። በቀና ልብ የተቀበሉትን ሰዎች ሮጦ ጥሏቸው ሄዶ፣ በእነሱ ፎቶ ስንት ሳምንት ሙሉ ሲመሰገንበት ከርሟል። እንዲህ ያለ እፍረት ቀምሶ አያውቅም።

ዳኘው ከመቀመጫቸው ተነሡ። ተሻግረው የላቀውን ጉልበት ሊስሙ ጎንበስ ሲሉ ላቀው ቀድመው ያዟቸው። «ይቅር ይበሉኝ። በረትዎን በዐይኔ ዐይቼ የመስኮት ሥዕል ማመኔ የእኔ ሞኝነት ነው» አሉ ዳኘው። ቄስ ገብረሰንበት መረቁ፣ ሠርጉም በቀጠሮው በጥር እንዲሆን ተወሰነ። ጠላ ቀረበ። ምስክር የተቀዳለትን እስከ አተላው ጠጣው፤ ማንም ልብ አላለውም።

ሲወጡ ከአጥሩ ውጭ ላቀውን ደረሰባቸው።

«አያ ላቀው፣ ይቅር ይበሉኝ። ነገ ልምጣ፣ ሦስታችሁንም ላንሣ። ለሠርጉም እኔው በነጻ...»

ላቀው በደግ ዐይን ዐዩት፤ ከሁሉ የከበደውም ያ ነበር።

«ይቅር ለእግዚአብሔር፣ ልጄ። ለፎቶው ግን ገና ቃሉ ሳይፈርስ ከቡሬ ሰው ጠርተናል። አንተ እንዲያው ና፤ ከሽማግሎቹ ጋር ተቀምጠህ ብላ፣ ጠጣ።»

«ካሜራህን ግን ቤትህ ተወው» አሉ ወይዘሮ እታለም፣ ሳይቆሙ።

ምስክር እስከ መኪናው መንገድ ድረስ ከሰዎቹ ኋላ ኋላ ሄደ። አጠገባቸው ለመራመድ ፊት አልነበረውም።