ከዚያች ጉብታ ጀርባ

መምህርት ኤቫንቲያ አምስት ዓመት ሙሉ በየበጋው ከአቴና እየመጡ እኛ ቤት ያርፉ ነበር። መንደራችን መኪና አይገባባትም። ከኋላዋ ተራራ፣ ከፊቷ ባሕር ነው፤ የሚመጣ ሁሉ በጀልባ ይመጣል። ከፎቅ ያሉትን ሁለት ክፍሎች ለእንግዳ እናከራያለን። ብዙው ሰው ለሳምንት ብሎ ይመጣና በሦስተኛው ቀን «ሱቅ የለም እንዴ?» እያለ ይሄዳል። እሳቸው ግን ወሩን ሙሉ ይቀመጡ ነበር። ሠላሳ ስድስት ዓመት አስተምረው ጡረታ ቢወጡም ማስተማር አልለቀቃቸውም። እኔን ፊደል ያስቆጠሩኝ እሳቸው ናቸው። ልጅ ሆኜ አባቴ ከፍየሎቹ ጋር ስላዋለኝ ትምህርት ቤት አልገባሁም። ማንበብ የጀመርኩት በአርባ አራት ዓመቴ፣ ሰገነቱ ላይ፣ በመድኃኒት ካርቶንና በዱቄት ከረጢት ነው።

በአምስተኛው በጋ ሞቱ። ሰው ሁሉ ሙቀቱ ገደላቸው ይላል። እኔ ግን ያልኳቸውን አውቃለሁ።

በእኛ አገር በስፋኪያ መንገደኛን «ሩቅ ነው» ማለት ነውር ነው። ጉልበቱን መንጠቅ ነው። ሰው በደጅህ ሲያልፍ ውሃ ትሰጠዋለህ፣ ራኪ የሚባለውን አረቄያችንን ትቀዳለታለህ፣ ከዚያም «ደረስክ እኮ፣ ከዚያች ጉብታ ጀርባ ናት» ትለዋለህ። አንድ ሰዓትም ይቅረው አምስት፣ የምትለው ይህንኑ ነው። የአገሩ ሰው ነገሩን ስለሚያውቅ በልቡ አባዝቶት ይሄዳል።

መምህርትም ይህን ደርሰውበት ነበር። «መንግሥተ ሰማያትም ከዚያች ጉብታ ጀርባ ናት አይደል?» እያሉ በጀልባ ነጂው በሽማግሌው በፖሊክሮኒስ ላይ ይስቁ ነበር።

«የእኛዋስ ቅርብ ናት እሜቴ» ይላቸዋል። «የአቴናዋ ናት በጭስ የራቀችው።»

እኔን ግን ያምኑኝ ነበር። «አንቺ ስጋታም ነሽ። ስጋታም ሰው መንገድ አያሳጥርም» ይሉኝ ነበር። ስጋታም መሆኔ እውነት ነው። ልጄ ሮዳንቲ ዋኝታ እስክትወጣ ድረስ ዳር ቆሜ የምጠብቅ፣ ብታስነጥስ ሙቀቷን የምለካ ሴት ነኝ። ልጅቷ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ታፍርብኛለች።

በዚያ ቀን ሮዳንቲ የነርስነት ትምህርት ለመመዝገብ ሃንያ ከተማ ሄዳ በጠዋቱ ጀልባ ልትመለስ ነበር። ከሊቢያ የሚነሳው ትኩስ ነፋስ ባሕሩን አስቆጥቶታል። ሰገነቱ ላይ ቆሜ አድማሱን አያለሁ። መምህርት ባርኔጣቸውን አድርገው ወረዱ።

«አኔዚና፣ የጥዱ ወሽመጥ በእግር ስንት ያስኬዳል?»

«የቱ?»

«ያ ከጠጠሩ ሥር የሚጠጣ ውሃ የሚወጣበት። በጀልባ አየሁት፣ አሁን ደግሞ በእግሬ ልየው።»

ዓይኔን ከባሕሩ አላነሳሁም። «ቅርብ ነው። ከዚያች ጉብታ ጀርባ» አልኩ።

«ፖሊክሮኒስ እንደሚለው ነው ወይስ አንቺ እንደምትይው?»

«እኔ እንደምለው።»

«በይ እንግዲህ፣ ባሕሩን በዓይንሽ ጠጥተሽ ሳትጨርሺው ልጅሽ ትድረስልሽ» ብለውኝ እየሳቁ ወጡ። በእጃቸው የነበረችው ትንሿ የውሃ ጠርሙስ ነበረች። አይቻታለሁ።

ጀልባዋ አራት ሰዓት ላይ ደረሰች። ሮዳንቲ ባሕሩ አስታውኳት፣ ፊቷ ነጥቶ ወረደች። አቀፍኳት፣ አስተኛኋት፣ የተራራ ሻይ አፈላሁላት። ተቀብላለች፤ በመስከረም ትጀምራለች። ሌላው ሁሉ ከልቤ ወጣ። ከሰዓት በኋላ ነው ባለቤቴ ማኑሶስ ጨርቅ የለበሰውን ሳህን ገልጦ ያየው። አይብ ያለበት ቂጣና ማር፤ የመምህርት ምሳ ነበር።

«መምህርቷ የት አሉ?»

«የጥዱ ወሽመጥ ሄዱ።»

«በእግር? በዚህ ነፋስ?» ፊቴን አየና ሌላ ነገር አልጠየቀኝም።

ፖሊክሮኒስ በባሕር፣ ወንዶቹ በተራራው ወጡ። ወደ ወሽመጡ ሦስት ሰዓት ተኩል ያስኬዳል፤ አንድም ዛፍ የለበትም። ከጉብታዋ ጀርባ ሌላ ጉብታ አለ፣ ከእሱም ጀርባ ሌላ። ፀሐይ ሳትጠልቅ አራተኛው ላይ አገኟቸው። እሾሃማ ቁጥቋጦ ጥግ ተቀምጠዋል፣ ባርኔጣቸው ጉልበታቸው ላይ ነው፣ ጠርሙሷ ባዶ ነች። ከመጀመሪያው ጉብታ መመለስ ይችሉ ነበር። ከሁለተኛውም ይችሉ ነበር። ያልተመለሱት እኔን ስላመኑ ነው።

ልጃቸው ኢዝሚኒ በማግስቱ ልትደርስ ነበር። ቡና ቤቱ ውስጥ «ቅርብ ነው» ማለቴን የነገርኳቸው ሁሉ አንድ ዓይነት መልስ ሰጡኝ።

«ሁላችንም የምንለውን ነው ያልሽው» አለ ፖሊክሮኒስ። «አባቴም ይለው ነበር። ማን ሞተ?»

«መምህርት ሞቱ» አልኩት። አቀረቀረ።

ማኑሶስ ቤት ስንገባ ለብቻዬ ነገረኝ። «ዝም በይ። ሬሳውን አታስነሺውም። ልጅ አለሽ፤ ትከሰሺ እንደሁ ምን ታውቂያለሽ?»

እሺ አልኩ። ከልቤም ነበር እሺ ያልኩት።

ኢዝሚኒ አርባ ዓመት ገደማ የሆናት ቀጭን ሴት ናት። የእናቷን ልብስ ስታጣጥፍ ላግዛት ወጣሁ። ከየሸሚዙ የጥድ ሳሙና ይሸታል። ወደ እኔ ሳታይ መናገር ጀመረች።

«እናቴ ጠንቃቃ ነበረች። ለአንድ ሰዓት መንገድ ሁለት ሊትር ውሃ ትይዛለች። ሳትጠይቅ አትሄድም።»

የያዝኩትን ልብስ ሻንጣው ውስጥ አስገባሁ።

«አእምሮዋ እየከዳት ነበር ማለት ነው። ባለፈው ጥር ሁለት ጊዜ ቁልፏን ረስታ ውጭ ቀርታለች። ሐኪም ጋ እንሂድ ስላት ‹እኔን ተማሪ አታድርጊኝ› ብላ ጮኸችብኝ። እኔም ተውኩት። ሥራ በዝቶብኝ ነበር። እንደዚያ ሆና እያየኋት ብቻዋን ጀልባ ላይ አስቀመጥኳት።» ሸሚዙን አጣጥፋ ፈታችው፣ መልሳ አጣጠፈችው። «እኔ ነኝ የገደልኳት።»

ሮዳንቲ ውሃ ይዛ በር ላይ ቆማለች። ልጄን አየኋት። እኔ ነገ ብሞትና ይህች ልጅ እንዲህ ያለ ድንጋይ ተሸክማ እድሜዋን ሙሉ ስትሄድ ሰው እያየ ዝም ቢላት አልኩ በልቤ።

«አእምሯቸው አልከዳቸውም» አልኳት። «ጠይቀዋል። የጠየቁት እኔን ነው።»

ቀና አለች። «እርስዎስ ምን አሏት?»

«ቅርብ ነው አልኳቸው።»

«ስንት ሰዓት ያስኬዳል?»

«ሦስት ሰዓት ተኩል።»

«ያውቁ ነበር?»

«እዚሁ ነው የተወለድኩት። አውቃለሁ።»

«ታዲያ ለምን?»

የአገሩን ወግ ልነግራት አሰብኩ። ነፋሱን፣ ጀልባዋን፣ ሮዳንቲን ልነግራት አሰብኩ። ሁሉም እውነት ነው፤ ግን አፌ ላይ ሲመጣ ጥፋቱን ለሌላ ማሸከሚያ መሰለኝ።

«ሳላስብ መለስኩላቸው» አልኩ። «ፊታቸውን እንኳ አላየሁም።»

አልጋው ላይ ተቀመጠች። ትጮህብኛለች ብዬ ጠበቅኩ። «ስትወጣ ደህና ነበረች?» ነው ያለችው።

«ደህና ነበሩ። ቀልደውብኝ ነው የወጡት።»

«ምን ብላ?»

የባሕሩን ነገር ነገርኳት። እናቷ እንደሚስቁት በአፍንጫዋ ሳቀች። ሳቁ መሃል ላይ ተሰብሮ ልቅሶ ሆነ። እጄን ዘረጋሁ። «አይንኩኝ» አለች፤ እጄን መለስኩ።

ከሰዓት በኋላ ሬሳውን ወደ ጀልባው ሲያወርዱ መንደሩ ሁሉ ወጣ። ኢዝሚኒ ከሰው ሁሉ ጋር ተጨባበጠች። እኔ ፊት ስትደርስ እጇን አልዘረጋችም።

«ይቅር ልልዎ አልችልም» አለችኝ።

«አልጠየቅኩም።»

«ግን ዛሬ እንቅልፍ ይወስደኝ ይሆናል» አለችና ጀልባው ላይ ወጣች።

ማኑሶስ አጠገቤ ቆሞ ሁሉንም ሰማ። ገመዱን ፈትቶ ወደ ፖሊክሮኒስ ወረወረ፣ ፊቱን ሳያዞርልኝ ወደ ቤት ሄደ። ሮዳንቲ ክንዴን ያዘች። ጀልባዋ ዓለቱን ዞራ እስክትሰወር ድረስ ቆምን፤ ከተሰወረችም በኋላ ሞተሯ ለጥቂት ጊዜ ይሰማን ነበር።