በእምነት የቀረበ ምስጋና

ምስጋና ላይ ትርፍነሽን የሚቀድማት የለም። ዙሪክ ባለችው ትንሿ የአበሻ ቸርች ውስጥ «ምስክርነት ያለው?» ሲባል ሰው ሁሉ ዞሮ የሚያየው እሷን ነው። ባቡሩ ስላላመለጣት ታመሰግናለች፤ የምትሠራበት መጋዘን አለቃ ስላልተቆጣት ታመሰግናለች፤ አንድ ጉልበቷን ሲያማት እንኳ «ሌላኛው ደህና ነው፣ ተመስገን!» ትላለች። ደግሞ ከልቧ ነው፣ አስመሳይ አይደለችም። ግን ሁልጊዜ ተመስገን የሚልን ሰው ምን ጎደለህ ብሎ የሚጠይቀው ማን አለ? ከዙሪክ ወጣ ብላ ዲቲኮን ያለችውን አንድ ክፍል ቤቷን ከእሷ ሌላ የረገጠ ቢኖር ማሞቂያውን ሊጠግን የመጣው ሰውዬ ብቻ ነው።

አንድ ልጅ አላት፣ ዕዝራ። ከሚስቱ ከቤቴል ጋር ጄኔቭ ነው የሚኖረው። ካለፈው ጥቅምት ጀምሮ ስልኳን አያነሳም። ብትጽፍለት አይመልስም።

እና ምን ብታደርግ ጥሩ ነው? በመጋቢት የምስጋና እሁድ ብድግ ብላ «ልጄ ለፋሲካ ጠርቶኛል፣ ጌታ ይመስገን!» አለች። የት ጠርቷት! ውሸት ግን አልመሰላትም። በቸርቿ ገና ያልሆነውን እንደሆነ ቆጥሮ በእምነት ማመስገን የተለመደ ነው፤ ሥራ ሳያገኙ ስለ ሥራው፣ የመኖሪያ ፈቃድ ሳይመጣ ስለ ፈቃዱ ያመሰግናሉ። ብቻ ሌሎቹ «በእምነት» ብለው ነው የሚጀምሩት። እሷ ያቺን ቃል ዋጥ አደረገቻት። ቤቱ በእልልታ ሲቀልጥ ከዚያ ወዲያ ማን ይመልሳት!

በየዓመቱ የፋሲካ ምሳ የምትጋብዛት ጓደኛዋ ዘነበወርቅ አገላብጣ ሳመቻት። «ዘንድሮስ ተገላገልኩሽ!» ብላ ሳቀች። ትርፍነሽም አብራት ሳቀች።

የፋሲካ ዕለት ቸርች አልሄደችም። እንዴት ትሂድ? ጄኔቭ ናት እኮ! ዘነበወርቅ የምትኖረው ከመንገዱ ማዶ ስለሆነ መጋረጃዋን ዘግታ፣ መብራት ሳታበራ፣ እንደ ሌባ ተደብቃ ዋለች። ዳቦ ደፍታለች፤ ለማን እንደሆነ እሷም አታውቀውም። እኩለ ቀን ላይ ስልኳ ጮኸ። ዕዝራ መስሏት ዘላ አነሳችው። ዘነበወርቅ ናት፤ «ደረስሽ? ዕዝራንና ቤቴልን ሳሚልኝ» ብላ ጽፋለች።

«ተመስገን፣ ደርሻለሁ» ብላ መጻፍ ጀመረች። መልሳ አጠፋችው። ስልኩን ወዲያ አስቀምጣ እንደ ልማዷ መጸለይ ጀመረች፤ ስለ ጤናዋ አመሰገነች፣ ስለ ሥራዋ አመሰገነች፣ «ስለ ልጄም» ስትል ድምፅዋ ተሰበረ። «ብቻዬን ነኝ እኮ፣ ጌታዬ» አለች። «አንድ ሰው መጥቶ ዝም ብሎ አጠገቤ ቢቀመጥልኝ ምን ነበረበት?»

ይኼን ብላ ሳትጨርስ የጥቅምቱ ስልክ ትዝ አላት። ዕዝራ ነበር የደወለው። «እማዬ፣ ልጃችን ሞታ ተወለደች» አላት፤ እያለቀሰ ነበር። እሷ ምን አለችው? «ተመስገን በል ልጄ! ቤቴልን አትርፎልሃል!» አለችው። ዕዝራ ስልኩን ዘጋው። እሷም ያጽናናችው መስሏት ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ከዚያ ወዲህ እምነቱ ቀዝቅዞ ነው እያለች ትጸልይለታለች። አይ ትርፍነሽ! አዲስ አበባ ሳለች ሰው ሞተ ሲባል ለማታውቀው ሰው እንኳ ነጠላ አንጠልጥላ የምትሮጥ ሴት፣ ለገዛ የልጅ ልጇ ልቅሶ አልደረሰችም።

አፈረች። ማፈር ብቻ አይደለም፣ ደነገጠች። ዳቦውን በጨርቅ ጠቀለለች፣ ነጠላዋን አነሳች። ለዘነበወርቅም «አልጠራኝም ነበር። ሳልጠራ መሄዴ ነው» ብላ ጻፈችላትና ወጣች።

ባቡሩ ሎዛንን አልፎ ሐይቁ ወለል ሲል ሰው ሁሉ ወደ መስኮቱ ዞረ። እሷ ምኑንም አላየችም። «በሩን ቢዘጋብኝስ?» ትላለች በሆዷ። «ቢዘጋብኝስ፣ ከዚያ ወዲያ ማን አለኝ?» ፊቷ የተቀመጡ አሮጊት መሐረብ ሰጧት። ማልቀሷን ያወቀችው ያኔ ነው።

ዕዝራ ቤት ደጃፍ ስትደርስ ነጠላዋን እንደ ለቀስተኛ ዘቅዝቃ ለበሰችና ደወሉን ተጫነች። በሩን ራሱ ዕዝራ ከፈተው። ከስቷል፣ ጢሙም አድጓል።

«እማዬ?» አለ። ነጠላዋን ሲያይ ፊቱ ተለዋወጠ። «ምነው? ማን ሞተ?»

«ልጅህ» አለችው። «ልቅሶ ልደርስ ነው የመጣሁት። በጣም ዘገየሁ፣ አውቃለሁ። እግዚአብሔር ያጽናህ፣ ልጄ።»

በሩን ይዞ ቆመ። አይዘጋው፣ አይከፍተው። ትርፍነሽ ጥቅስ አልጠቀሰችም፣ ተመስገን አላለችም፤ ቆማ ጠበቀች። ዕዝራ ከንፈሩን ነከሰ፣ ዓይኑን በክንዱ ጠረገና ገለል አለላት።

ገብታ ወንበር አልፈለገችም፤ አገር ቤት ለቀስተኛ እንደሚያደርገው ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። ቤቴል ከውስጥ ወጥታ አየቻትና ባለችበት ቀረች።

«ስሟን ማን ብላችኋት ነበር?» አለች ትርፍነሽ።

«ሶልያና» አለ ዕዝራ።

«ሶልያናዬ!» ብላ ጮኸች ትርፍነሽ። ጎረቤት ምን ይለኛል አላለችም፣ ስሟን እየጠራች ድምፅ አውጥታ አለቀሰች። ዕዝራ ግድግዳውን ተደግፎ ተንሸራቶ ቁጭ አለ። እሱም ልቅሶውን ለቀቀው።

ቤቴል ቀስ ብላ መጣችና ከአማቷ ጎን ወለሉ ላይ ተቀመጠች፤ ራሷን ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገች።

«ማንም አልመጣልንም ነበር እኮ» አለች። «አንድም ሰው። እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ እማዬ።»