በዘፈኑ ውስጥ የሌለ አርብ

የሥርጉት ዘፈን ከወጣ ገና አንድ ክረምት ነው፤ ፍኖተ ሰላም ውስጥ ግን ያልሰማው ሰው አይገኝም። ባጃጁ ይዞት ይዞራል፤ ፀጉር ቤቱ ከጠዋት እስከ ማታ ይመላልሰዋል፤ የቡሬ ሚኒባስም ከመናኸሪያ የሚወጣው እሱን ከፍቶ ነው። ሥርጉት የሩቅ ሰው አይደለችም። ከመራዊ ወጣ ብሎ፣ ከቆጋ መስኖ ዳር ካለች መንደር የተነሳች ልጅ ናት። ድምጿ አይጮኽም፤ እንደሚያወጋ ሰው ዝግ ብሎ ይመጣና ሳያስፈቅድ ልብ ውስጥ ቁጭ ይላል።

አገሩን ያነጋገረው ግን ዜማው ሳይሆን ርዕሱ ነው። ዘፈኑ «የአርብ ውሃ» ይባላል። ከመነሻው እስከ መድረሻው ቢያዳምጡት አርብም አይነሳበት፣ ውሃም አይነሳበት። የሚያወራው ደጅ ሳያንኳኳ ገብቶ፣ የጎበጠውን አቅንቶ፣ ምስጋና ሳይጠብቅ ስለሄደ አንድ ሰው ነው። ሌላ አገር ቢሆን ሰዉ ወዝወዝ ብሎበት ያልፍ ነበር። ጎጃም ላይ ግን ቃል እንዲሁ አይታለፍም። ቅኔ ሲሰማ ያደገ ሰው «ደህና አደርክ?» ቢሉት እንኳ ምን ለማለት ነው ብሎ ቆም ይላል።

ክርክሩ የሚደራው ዙለይካ ጨርቅ ሱቅ ውስጥ ነበር። ያምሮትም ከትምህርት ቤት ስትወጣ እዚያ ትቀመጣለች። ባዮሎጂ አስተማሪ ናት። መራዊ ብዙ ዓመት ካስተማረች በኋላ ባሏ ዳኘው ሲሞት ተዛውራ ወደ ትውልድ ከተማዋ ተመለሰች፤ ዙለይካ ግቢ ውስጥ ሁለት ክፍል ተከራይታ ትኖራለች። ዙለይካ ስትለካ የጨርቁን ጫፍ ትይዝላታለች እንጂ ብዙ አትናገርም። ጥቁር ልብሷን ካወለቀች ቆይታለች፤ የባሏን ስም በሰው ፊት ስትጠራ የሰማ ግን የለም። ዙለይካም አንድ ቀን ጠይቃት አታውቅም። ወዳጅነታቸው የጸናውም በዚሁ ነው።

ከሁሉ በላይ የሚከራከረው የአማርኛ አስተማሪው ወንዳወቅ ነበር። በልጅነቱ ቅኔ ቤት ገብቶ የወጣ ሰው ነው። አርብ ስቅለት መሆኑን፣ ውሃውም ከጌታ ጎን የፈሰሰው መሆኑን፣ ሳያንኳኳ የሚገባውም ማን እንደሆነ ራሳቸው እንደሚያውቁት ሲያስረዳ ሱቁ ውስጥ ያለው ሁሉ ፀጥ ብሎ ነበር የሰማው። ዙለይካ ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች ሳቀችበት። አርብ የጁምዓ ቀን ነው፤ ውሃውም ከስግደት በፊት የሚታጠቡበት የውዱእ ውሃ ነው፤ ልጅቱ ደግ ሙስሊም ጎረቤት ሳይኖራት አይቀርም አለች። «አንቺ ደግሞ ዘፈኑንም እንደ ደንበኛ ና ብለሽ ሱቅሽ ልታስገቢው ነው» አላት ወንዳወቅ። ከጎን ያለችው ፀጉር ሠሪዋ አይናለም ደግሞ ለሁለቱም ጆሮ አልሰጠችም። ሥርጉት የምትወደው ሰው ወታደር ነው፤ ፈቃድ የሚያገኘው አርብ አርብ ብቻ ነው፤ አለቀ፤ ይህ ሁሉ ድካም ለምንድን ነው?

ያምሮት ጨርቁን ይዛ ታዳምጣለች። የሚሉት ሁሉ ደስ ይላት ነበር። አንዲት የገበሬ ልጅ በሁለት ቃል ስንቱን ሰው አሳሰበችው ብላ በልቧ ታደንቃለች። እሷ ራሷ ግን መፈለግ አያስፈልጋትም። ታውቀው ነበር።

ቆጋ ላይ አንድ ቦይ የሚጋሩ ገበሬዎች ውሃ የሚያጠጡት በተራ ነው። የዳኘው ተራ አርብ ነበር። ዳኘው የቡድኑ የውሃ አባትም ነበር፤ ተራ የሚያስጠብቀው፣ ሲጣሉ የሚያስታርቀው እሱ ነው። ሕጋቸውም አንድ ነው፦ ቦይ ጠረጋ ያልወጣ ቤት እስኪወጣ ድረስ ተራው ይዘለላል። የሥርጉት አባት ታሞ ከተኛ በኋላ ለጠረጋ የሚወጣ ሰው ከዚያ ቤት ጠፋ። ቡድኑ ተሰብስቦ ተራቸው ይዘለል ሲል፣ ሕጉን አንብቦ ያጸናው ራሱ ዳኘው ነበር። ብዙም ሳይቆይ ሰውየው ሞተ። ሐዘንተኛ ቤት ሲኖር ጎረቤት ያርሳል፣ ያርማል፣ ያጭዳል፤ ይህ ከአባት የወረደ ነው፤ ንገሩኝ የሚል የለም። ውሃው ግን ከግድቡ ጋር የመጣ የትናንት ነገር ነው፤ ለውሃ ወግ ገና አልተሠራለትም። እናትየዋ እህተ ማርያም ሐዘን ተቀምጣ ሳለች፣ አዲስ የተተከለው ሽንኩርቷ ፀሐይ ላይ ቀረ።

ዳኘው ሕጉን አላፈረሰም። የራሱን አርብ ወሰደና ሰጣት። ገና ወገግ ሲል አካፋውን ይዞ ይወርድና ወደ ራሱ ማሳ የሚሄደውን ውሃ ወደ እሷ ያዞረዋል፤ ሰው ቦዩ ዳር መታየት ሲጀምር ይመልሰዋል። በሰው ፊት ቢያደርገው ሌላውም «ለእኔስ?» ይላል፤ የሰው ዓይን ደግሞ የውሃ አባት ላይ ይጠነክራል። አንድ ማለዳ እህተ ማርያም ደረሰችበት። ለማንም እንዳትናገር በሚካኤል አስማላት። በዚያ ዓመት የነዳኘው ሽንኩርት ሎሚ እንኳ አላከለም። ያምሮት ምን ነካው ብላ ስትጠይቀው፣ «ውሃው ሌላ ቤት ሄዶ ነው» አላት። የባሏን ጠባይ ታውቃለችና ሌላ አልጠየቀችም። ዘጠነኛ ክፍል የምታስተምራት ሥርጉት ትምህርቷን ሳታቋርጥ ስትመጣ ግን ውሃው የትኛው ቤት እንደሄደ ገባት።

ነገሩን ያበላሸው ይታገሱ ነው። ይታገሱ ሽንኩርት ነጋዴ ነው፤ ዱርቤቴም መራዊም ይመላለሳል። አንድ ቀን ሱቁ በር ላይ ቆሞ፣ የርዕሱን ፍቺ ከምንጩ ይዤ መጣሁ አለ። መራዊ ገበያ ውስጥ እንደሰማው፣ አባትየው በሞቱ ሰሞን አንድ ባለትዳር ጋቢውን ተከናንቦ አርብ አርብ ጎህ ሲቀድ ወደዚያች መበለት ማሳ ሲወርድ ታይቷል። ለእናትየዋ ይሁን ለልጅቱ እንጃ አለና ሳቀ። ስሙን ገና አላገኘም፤ በሚቀጥለው ጉዞው ግን አጣርቶ ይመጣል።

ያምሮት የያዘችው የጨርቅ ጫፍ ከእጇ ወደቀ። ዙለይካ አየቻት፤ ጎንበስ ብላ አነሳችው።

ከዚያን ቀን ወዲያ ያምሮት እንቅልፍ አጣች። ሰውየው አፈር ውስጥ ነው፤ ራሱን ሊከላከል አይችልም። የወደቀ ግንድ ምሣር ይበዛበታል። ለእሷ ከመቃብር በላይ የቀራት ስሙ ብቻ ነው፤ ያንንም ይታገሱ በሽንኩርት ጆንያ ጭኖ ሊያዞርባት ነው። ልትናገር ትነሳለች፤ ስሙን ስትጠራ ግን ድምጿ የሚሆነውን ታውቃለችና መልሳ ትቀመጣለች። በሰው ፊት ላለማልቀስ ራሷን አጥብቃ ያሠረች ሴት ናት፤ አንዱ ቋጠሮ ቢላላ ሌላው እንደማይቀር ታውቃለች።

በዚህ መካከል ሥርጉት ቡሬ ላይ ልትዘፍን ነው ተባለ። ወንዳወቅ ሚኒባስ ተነጋግሮ ዙለይካንም ይታገሱንም ጨምሮ ሰው አሰባሰበ፤ ያምሮትም ማንም ሳይለምናት እሄዳለሁ አለች። ዝግጅቱ በቀን ነበር፤ ሰው ሳይመሽበት ወደየቤቱ ይገባ ዘንድ። ሜዳው ሞልቶ ሥርጉት ብቅ ስትል ያምሮት መጀመሪያ አላወቀቻትም። ክፍል ውስጥ ከኋላ ወንበር ተቀምጣ፣ ሲጠሯት ትደነግጥ የነበረችው ልጅ ቀጥ ብላ ቆማለች። ያንን ዘፈን ስትጀምር ሺህ ሰው አብሯት ጀመረ። ሽማግሌው ሳይቀር ከንፈሩን ያነቃንቃል። ያምሮት ዙሪያዋን አየች። ይህ ሁሉ ሰው ሳያውቀው ዳኘውን እያመሰገነ ነው።

ዘፈኑ ሲያልቅ ወንዳወቅ ተጋፍቶ ማይክ ያዘ። አክብሮ፣ አሳጥሮ፣ ርዕሱ ምን ማለት እንደሆነ ጠየቃት። ሥርጉት ዝቅ ብላ እጅ ነሳችው።

«መሐላ አለብኝ፣ የኔታ» አለች። «ርዕሱ ካስቸገራችሁ በሌላ ስም ጥሩት፤ እሱ አይቀየምም።»

ሜዳው በሳቅና በጭብጨባ ተናወጠ። ያምሮት ግን ተነስታ ወደ መድረኩ ጀርባ ሄደች። በረኞቹ ሊከለክሏት ሲሉ ሥርጉት ከሩቅ አይታ ሮጠች፤ ጉልበቷ ላይ ልትወድቅ ስትል ያምሮት ትከሻዋን ያዘቻት።

«ቲቸር፣ ተቀየሙኝ?»

«ለምን እቀየማለሁ?»

«እናቴ ስማቸውን እንዳታነሳ በሚካኤል ምላለች። እኔንም አስምላኛለች። ርዕሱ ላይ ግን አልማልኩም።» ልጅቱ አንገቷን ደፋች። «አያ ዳኘው ሲያርፉ እኔ አገር ውስጥ አልነበርኩም። ለቅሶ አልደረስኩዎትም። ይቺን ነው ያመጣሁት።»

ያምሮት ቀና አደረገቻት። ከዚያ በዝግታ፣ ይታገሱ ያመጣውን ወሬ ምንም ሳታስቀር ነገረቻት። የሥርጉት ፊት ተለዋወጠ። አሁኑኑ መድረክ ላይ ወጥቼ፣ ስማቸውን ጠርቼ እናገራለሁ፤ መሐላው በእኔ ይድረስ አለች። ልትሄድ ስትዞር ያምሮት ክንዷን ይዛ አቆመቻት።

«አንቺ መሐላሽን ጠብቂ» አለቻት። «እኔ አልማልኩም።»

ሲመለሱ ሹፌሩ ዘፈኑን ከፍቶላቸው፣ ሚኒባሱ ውስጥ ጫጫታው ሌላ ነበር። መሐላ የሚለው ቃል እንደ አዲስ አጥንት ተጥሎላቸው ሁሉም ይግጠዋል። ወንዳወቅ ቀድሞውንም የሃይማኖት ነገር ነው ብያለሁ ይላል። ከኋላ የተቀመጠው ይታገሱ ደግሞ ሳቁ አላቋረጠም፤ መሐላ የሚያስፈልገው ባለትዳር ሲወሰልት ነው፣ ቅዳሜ መራዊ ስለምወርድ ስሙን ይዤላችሁ እመጣለሁ ይላል። ከመንገዱ ግራና ቀኝ በቆሎው ሰው አክሎ ቆሟል።

ያምሮት ፊቷን ወደ ፊት እንዳደረገች መናገር ጀመረች። ክፍል ውስጥ እንደምታስረዳው ነበር የተናገረችው፤ ከመጀመሪያው ጀምራ፣ ድምጿን ሳታነሳ። ስለ ቦዩ ሕግ፣ ስለ ታመመው አባት፣ ተራው ስለተዘለለው ማሳ፣ የራሱን አርብ ለሐዘንተኛ ቤት ሰጥቶ በሚካኤል ስላስማለው ሰው። ስታቆም ወንዳወቅ በአድናቆት ጭንቅላቱን ይወዘውዝ ነበር።

«ግሩም ነው መምህርት፤ እንዲህ ያለ ሰም እስከ ዛሬ ማንም አላመጣም» አለ። «ወርቁስ?»

ያምሮት ነጠላዋን ሰበሰበች።

«ወርቅ የለውም መምህር። ሰውየው ባሌ ነው። ዳኘው ይባላል።»

ሹፌሩ ሳይነግሩት ዘፈኑን ዘጋው።  ምሥጢር ፍለጋ ስንት ሰማይና ምድር የዞረው ወንዳወቅ፣ እቤቱ ደጃፍ የተቀመጠውን እንዳላየው ገብቶት አንገቱን ደፋ። ዙለይካ የያምሮትን እጅ ፈልጋ ያዘች። 

በመጨረሻ ይታገሱ ከኋላ ተነሳ። ኮፍያውን አውልቆ፣ ከሚኒባሱ ጣሪያ ሥር ጎብጦ፣ ወንበር ይዞ ወደ እሷ መጣ።

«እትዬ ያምሮት፣ ነፍሳቸውን ይማር» አለ። «ወሬውን መራዊ ከየትኛው ሱቅ እንዳነሳሁት አውቃለሁ። ቅዳሜ እዚያው ሱቅ ቆሜ የዛሬውን እናገራለሁ። እኔ ያፈረስኩትን እኔው እሠራለሁ።»

«አመሰግናለሁ» አለችው። ድምጿ እንደፈራችው አልሆነም። ስሙ ከአፏ ወጥቶ ሚኒባሱ ውስጥ ቁጭ ብሏል፤ ሰዎቹም ለእሱ ቦታ እንደሚለቁ ሁሉ ጠጋ ጠጋ ብለዋል።

ቆይቶ ወንዳወቅ ወደ ኋላ ዞረ። አስተማሪነቱም ባለቅኔነቱም ከፊቱ ጠፍቶ ነበር።

«የእናንተስ ሽንኩርት?» አለ በዝግታ። «ያን ዓመት እንዴት ሆነ?»

«ትንንሽ» አለች ያምሮት። «ለመላጥ ያስለቅስ ነበር።»

ዙለይካ ሳቀች፤ ያምሮትም አብራት ሳቀች፤ ሁለቱም ዓይናቸውን በአንድ ነጠላ ጫፍ ጠረጉ። ሹፌሩ በመስታወቱ አያትና በዓይኑ ጠየቃት። እሷም ክፈተው አለችው። ዘፈኑ ከመሃል ጀመረ፤ በዚህ ጊዜ ማንም የተደበቀ ነገር አልፈለገበትም፤ ሁሉም አዳመጡት።

ያምሮት ጭንቅላቷን መስኮቱ ላይ አስደገፈች። ዳኘው በነዚያ አርቦች ከቦዩ ሲመለስ፣ እንዳትነቃ ብሎ ጭቃ እግሩን ውጭ ቆሞ ይታጠብ ነበር፤ በሩንም በጣቱ ገፋ አድርጎ ነው የሚገባው። እሷ ግን ሁልጊዜም ነቅታ ነበር፤ ዓይኗን ጨፍና የውሃውን ድምፅ ታዳምጥ ነበር። ይህን አልነገረቻቸውም። ይህ የራሷ ነው።