ፖዘቲቭ

«ፖዘቲቭ ነበረች አሉ፤ ለካ ለዚህ ነው እንዲያ የከሳችው!»

ሹክሹክታው ከድንኳኑ ጥግ ተነስቶ ፍራሹ ላይ የተቀመጠችው ላሊሴ ጆሮ ደረሰ። ሟቿ ገለቴ እናቷ ናት። ላሊሴ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳብ አድርጋ ለማልቀስ ሞከረች፤ ትከሻዋ ግን በሳቅ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ለቀስተኛው ልቅሶ መስሎት «አይዞሽ፣ በቃሽ!» ይላታል።

ወጣቱ የአዲስ አበባን ማስተር ፕላን ሊቃወም ወጥቶ የቡራዩ አስፋልት በድንጋይ ተዘግቷል። ሚኒባስ የለም። ለቅሶ ደርሰው ሊመለሱ የመጡት ሁሉ ድንኳኑ ውስጥ ቀርተው ንፍሮ ይቆረጥማሉ። ወሬ ካላወሩ ምን ያድርጉ?

ደግሞም ወሬውን ያስጀመረችው ራሷ ገለቴ ናት። ከዓመታት በፊት ከጡቷ የተወሰደው ናሙና ተመርምሮ ሐኪሙ «ፖዘቲቭ ነው» ሲላት ወንበሩን ጨበጠች። የጡት ካንሰሩ እጢ ሆርሞን እየተቀበለ የሚያድግ ዓይነት መሆኑን፣ ፖዘቲቭ ማለትም ያንን የሚዘጋው ክኒን ይሠራልሻል ማለት እንደሆነ ያስረዳት ኋላ ነው። ገለቴ እዚያው እልል አለች። በእድሩ ስብሰባም ብድግ ብላ «ደስ ይበላችሁ፣ ፖዘቲቭ ነኝ!» ስትል የባሏ የኦቦ መገርሳ ባርኔጣ በድንጋጤ ወደቀ። ሰው ሁሉ ኤች አይ ቪ መስሎት አንገቱን ደፋ። ማብራሪያዋን የሰማላት አልነበረም።

ከሰዓት ጎረቤታቸው እትዬ ማሪቱ ላሊሴ አጠገብ ጠጋ ብለው ተቀመጡ።

«ልጄ፣ እናትሽ ያንን ነገር እንዴት ቻለችው?»

«የቱን?»

«ፖዘቲቩን።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እኔም ነኝ። ከጡቴ ወስደው መረመሩና ነርሷ ‹ፖዘቲቭ ነው፣ መድኃኒት ይጀምራሉ› ስትለኝ፣ ቀሪውን ሳልሰማ ወጣሁ። ባሌ ከሞተ ስንት ዘመኑ! ከየት አመጣችው አይሉኝም?»

የላሊሴ ሳቅ ብን ብሎ ጠፋ። «መቼ ነው?»

«ከመስቀል በፊት። አልተመለስኩም።»

«እትዬ፣ ኤች አይ ቪ እኮ ከጡት ተወስዶ አይመረመርም! የእማዬ ዓይነት ነው የሚሆነው። ክኒኑ ይሠራልዎታል ማለት ነው። ግን ካልጀመሩት ምን ዋጋ አለው?»

«ታዲያ እሷስ ሞተች አይደል?»

«ሞተች። ግን ክኒኑን እየዋጠች ሦስታችንንም ልጆቿን ድራ፣ በየሰርጋችን ከሙሽራ በላይ ጨፍራ ነው።»

እትዬ ማሪቱ መጀመሪያ ፈገግ አሉ፤ ቀጥለው አፋቸውን በመዳፋቸው ይዘው ሳቁ፤ ከዚያ በቀብሩ ቀን ያላለቀሱትን ያህል አለቀሱ።

ሰልስቱ እንዳለፈ መንገዱ ተከፈተ። ላሊሴ እትዬ ማሪቱን ይዛ ልትወጣ ስትል ዘመዶች «ሐዘንተኛ ከቤት ይወጣል እንዴ?» ብለው ተንጫጩ።

«ዴሚ፣ ኢንታላ ኮ!» አሉ አባቷ ኦቦ መገርሳ። «ሂጂ፣ ልጄ። ገለቴ ብትሆን እስካሁን ደርሳ ነበር።»

ሆስፒታሉ ካርድ ክፍል ሲደርሱ ሠራተኛዋ ቀና ሳትል ላሊሴን ጠየቀቻት።

«የታካሚ ስም?»

«ገለቴ» አለች ላሊሴ፣ እዚህ መስኮት ላይ ስንት ዓመት ስትል እንደኖረችው።

ሠራተኛዋ መጻፍ ጀመረች። ላሊሴ ልታርማት አፏን ከፈተች፤ መልሳ ግን ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። እትዬ ማሪቱ አይተዋት ወደ መስኮቱ ጎንበስ አሉ።

«ማሪቱ» አሉ፣ ከኋላ የተሰለፈው ሁሉ እስኪሰማ ጮክ ብለው፣ የላሊሴን እጅ አጥብቀው እንደያዙ።