«ፋናን ልጥራት?»

ይመኙሻል ልጇን ለማብላት ያልሞከረችው ዘዴ የለም። ለምናለች፣ ዘፍናለች፣ ስልክ ከፍታ አሳይታለች። የሠራላት ግን አንድ ብቻ ነበር፤ «ፋናን ልጥራት? መርፌዋን ይዛ ትምጣ?» ይህን ስትል የሦስት ዓመቷ ሊድያ አፏን ከፍታ ትጎርሳለች። ጎርሳም ግድግዳውን እያየች ታላምጣለች።

ፋና ከግድግዳው ማዶ የምትኖር ጎረቤታቸው ናት፤ የጥርስ ሐኪም። ወላይታ ውስጥ ገሱባ የሚኖሩት ቤተሰቦቿ ዘንድ ደርሳ ስትመለስ ለይመኙሻል ቦዬ የሚባለውን ሥራሥር ሳትይዝ አትመጣም። ሊድያ ግን ገና ኮቴዋን ስትሰማ አልጋ ሥር ትገባለች። «ይቺን ልጅ ምን አድርጌያት ነው?» ትላለች ፋና። «ዓይን አፋር ናት» ትላለች እናት ተብዬዋ፣ ዓይኗን በጨው አጥባ።

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ የይመኙሻል ግን እያደር ከበደ። ስኳር የበዛበት ወተት በጡጦ ስትጠባ የከረመችው ሊድያ አንድ መንጋጋዋ ጠቆረ፣ ቀጥሎ ጉንጯ አበጠ። ሁለት ቀን ሙሉ እህል በአፏ አልዞረም። ይመኙሻል ከቢሮ አስፈቅዳ፣ «አይስክሬም ልገዛልሽ ነው» ብላ ልጅቷን ባጃጅ ላይ አሳፈረቻት። የሄደችው ፋና ወደምትሠራበት ክሊኒክ ነው፤ የሕፃን ጥርስ የሚነካ ሌላ ቦታ አላገኘችም። እዚያ ዶክተር ጌታነህ የሚባል ሌላ ሐኪም እንዳለ ሰምታለች፤ እሱ ያይልኛል ብላ ነበር።

«ጌታነህ ሐዋሳ ሥልጠና ላይ ነው» አለቻት ካርድ የምታወጣው ልጅ። «ዶክተር ፋና ግን አለች።»

«ነገ ብንመጣስ?»

«ጉንጯን አላየሽውም እንዴ? ይኼ እኮ ነገ አይባልም።»

በሩ ተከፈተና ፋና ራሷ ብቅ አለች። «ይመኙ! ምነው ቤት ሳትነግሪኝ?»

ሊድያ የምትገባበት አልጋ ፈለገች፤ አልነበረም። የእናቷ ቀሚስ ውስጥ ተሸጎጠች።

ፋና ትንንሽ ልጆችን የሕክምና ወንበሩ ላይ ለብቻቸው አታስተኛም። እናት ትጋደማለች፣ ልጅ እላይዋ ላይ ይተኛል። ይመኙሻል ተጋደመች፤ መብራቱ ዓይኗ ላይ በራ። ልጇ ደረቷ ላይ ስትንቀጠቀጥ ይሰማታል። ተነሥታ እንዳትወጣ ልጅቷ እላይዋ ናት፤ እንዳትናገር ፋና ራስጌዋ ቆማለች። መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

«አ በይ እስቲ» አለች ፋና።

«በልቻለሁ!» ብላ ጮኸች ሊድያ። «ማሚ፣ ንገሪያት! ሁሉንም ጨርሻለሁ!»

ፋና መስታወቷን እንደያዘች ቀረች። መጀመሪያ ልጅቷን፣ ቀጥላ እናትየዋን አየች። ያ ሁሉ አልጋ ሥር መግባት አሁን ገባት።

«ለካ ጅቡ እኔ ነኝ» አለች በቀስታ።

«ይቅር በይኝ፣ ፋናዬ።»

«እኔን ተዪኝ። ለእሷ ንገሪያት።»

ይመኙሻል እፍረቷን ዋጥ አደረገች። «ሊዱዬ፣ ፋና ምግብ አልበላም ያለ ልጅ አትወጋም። ዋሽቼሽ ነው።»

«ታዲያ አሁን አትወጋኝም?»

ጥርሱ መነቀል ነበረበት፤ የማደንዘዣው መርፌ ትሪው ላይ በጨርቅ ተሸፍኖ ተቀምጧል። «አትወጋሽም» የምትለው ቃል ምላሷ ጫፍ ላይ መጣች። እንዴት ቀላል ነበረች! ፋና ዓይን ዓይኗን ታያታለች።

«ትወጋሻለች» አለች ይመኙሻል። «ጥርስሽ ሲወጣ እንዳያምሽ ነው። መርፌው ትንሽ ብቻ ነው የሚያመው።»

ሊድያ ቀና ብላ የእናቷን ፊት አተኩራ አየች። ባጃጁ ላይ አይስክሬም ያላትም ይኸው ፊት ነው። ከዚያ ወደ ፋና ዞረች።

«አንቺ ንገሪኝ» አለች።

«አንዴ እወጋሻለሁ» አለች ፋና። «አምስት እስክንቆጥር ያማል፤ ከዚያ ይተውሻል።»

ሊድያ የእናቷን ቀሚስ ለቀቀች። የፋናን ጋውን ጨምድዳ ይዛ አፏን ከፈተች። ይመኙሻል ከሥር ሆና አብራ ልትቆጥርላት ሞከረች፤ ልጅቷ ግን የምታዳምጠው ፋናን ብቻ ነበር።