አልመጣም ብላለች

መጋረጃ ሰፊዋ መጠጥ ካቆመች ወዲህ የእጇ መንቀጥቀጥ ለቋት፣ ክር በመርፌ ቀዳዳ በአንዴ ማስገባት ችላ ነበር። ልቧ ግን ገና አላረፈም። የማገገሚያ ማዕከሉ ሐኪምም ብቻዋን ወደ ቤቷ እንድትመለስ አልፈቀደላትም። ማዕከሉ «አጋዥ» የሚላቸው ሰዎች አሉት፤ ራሳቸው ጠጥተው ያቆሙ፣ አዲስ ላቆመ ሰው በየቀኑ የሚደውሉ፣ ጉሮሮው ሲከጅልበት አብረውት የሚቀመጡ። ከነሱ አንዱን ምረጪ ተባለች።

ከምርጫው በፊት ግን አንድ ነገር ሰምታ ነበር። እናታቸው ከሞቱ ጀምሮ ዓይንሽን አልይ ብላት የቆየችው ታላቅ እህቷ፣ በሐኪሙ ልመና ልትጠይቃት መጣች። ሁለቱም ወንበር ላይ ተቀምጠው መሬት መሬት ሲያዩ ቆዩ። በመጨረሻ ታላቅየዋ የሆዷን አወጣችው። እናታቸው የታናሽየዋን ስም እየጠሩ ሲያጣጥሩ ወደ ስፌት ቤቱ ደውላ እንደነበር፣ ስልኩን ያነሳው ወንድ «አልመጣም ብላለች» ብሎ እንደዘጋው ነገረቻት።

«ከጀርባው የስፌት መኪናው ሲንጣጣ ይሰማኝ ነበር» አለች። «እናቷ እየሞተች እሷ ትሰፋለች ብዬ ያን ቀን ቆረጥኩልሽ።»

መጋረጃ ሰፊዋ ቀኑን መለስ ብላ አሰበችው። መኪናው ላይ የነበረችው እሷ ናት፤ ያ እውነት ነው። ስለ ስልኩ ግን ማንም ምንም አላላትም። ያን ሰሞን የአንድ ሆቴል መጋረጃ ተቀብለው ቀን ከሌት ይሰፉ ነበር። አብሯት የሚሠራው «ሸጋው» የሚሉት ሰው ነው፤ መልከ መልካም፣ አፉ ቅቤ፣ እጁ ከጠርሙስ የማይለይ። አንድ ጠርዝ በጨረሰች ቁጥር ለድካምሽ እያለ ግማሽ ብርጭቆ ይቀዳላታል። ሥራው አልቆ ሲረከቡትም ሙሉ ጠርሙስ አስታቅፏት ሄደ። እሷ ከዚያ ስካር ስትነቃ እናቷ ተቀብረዋል። ሞታቸውን የነገረቻት ጎረቤት ናት።

ለእህቷ አልሰማሁም ነበር ብትላት ማን ያምናታል? የሰካራም ምስክርነት ለማን ይበጃል? ነገሩን በሆዷ ያዘችው።

የምርጫው ቀን እህቷ ለሐኪሙ ብላ ኮሪደሩ ላይ ስትጠብቃት እሷ ከማዕከሉ ኃላፊ ጋር ገባች። መጀመሪያ የመጡት ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ ምክራቸው ጥሩ ነው፣ ማቆሚያ ግን የለውም። ቀጥላ የመጣችው ሴት ገና ታሪኳን መስማት ስትጀምር አልቅሳ አስለቀሰቻት። ሦስተኛው በሩን ከፍቶ ሲገባ ፊቱ አመድ መሰለ። ሸጋው ነበር። ሸሚዙ ተተኩሷል፣ ፀጉሩ ሸብቷል፣ ዓይኑ ጠርቷል።

ኃላፊዋ ትተዋወቃላችሁ ወይ ብላ ጠየቀች። የሚያውቁትን ሰው ማገዝ ክልክል ነው።

እሱ አፉን ሳይከፍት ቀደመችው። «አንተዋወቅም» አለች። እሱም ቃሏን አላፈረሰም። እንግዲህ ስንት ዓመት አንድ ብርጭቆ የተጋሩ ሰዎች፣ ኃላፊዋ ፊት እርስዎ እርስዎ ሲባባሉ ቆዩ።

«እሳቸው ይሁኑልኝ» አለች መጋረጃ ሰፊዋ።

ውጭ ከወጡ በኋላ ሸጋው ሊለማመጣት ሞከረ። ስላጠጣት ይቅርታ ሊጠይቃት ስንት ጊዜ አስቦ እንደነበር፣ እግዜር ራሱ እንዳገናኛቸው ነገራት። የስልኩን ነገር ያነሳ እንደሆነ ብላ ጠበቀች። አላነሳም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ማለት ይኸው ነው። በልቧ እንግዲህ ወዳጄ፣ በገፋኸኝ ገደል አንተኑ ሰድጄ ነው ወደ ቤቴ የምገባው አለች።

መሣሪያዋ ምላሷ ብቻ ነበር። አጋዥ ማለት አዳማጭ ነው፤ ሥራው ነውና ጆሮውን ሊነፍጋት አይችልም። ሻይ ቤት አስቀምጣው ስለ አምሮቷ ታወራዋለች፤ ብርጭቆው መጀመሪያ ጣት ላይ እንዴት እንደሚቀዘቅዝ፣ የመጀመሪያዋ ጉንጭ ደረት ላይ ደርሳ እንዴት እንደምትሞቅ፣ ከዚያ ትከሻ እንዴት ልቅቅ እንደሚል። እያወራች ዓይኗን ከጉሮሮው አትነቅልም። ማንቁርቱ ወጣ፣ ወረደ ሲል ታያለች። በዚያች ሰዓት እንዲህ ደስ የሚላት ነገር አልነበረም።

ወሬው ግን ለሷም መትረፉ አልቀረም። ምራቋን እየዋጠች ቤቷ ትገባና እጇ እስኪዝል ትሰፋለች። አንድ ቀን መጠጥ ቤት በር ላይ እግሯ ቆመባት። እሱ ሳይወድቅ እኔ ልውደቅለት? ብላ ራሷን ገሰጸችና ባቡር ሊያመልጠው እንደደረሰ ሰው በሩጫ ቤቷ ገባች። እህቷ ግን ፊቷ እየጠራ መምጣቱን አይታ፣ አጋዡ ጎበዝ ሰው ነው እያለች ለሰው ታወራ ጀመር።

ሸጋው ከሳ። ሸሚዙ መተኮሱን ተወ። በሌላ ሰው ልተካልሽ ብሎ ለመናት፤ እሺ፣ ለምን እንደዋሸን ለኃላፊዋ አብረን እንንገራት ስትለው ተወው።

አንድ እሑድ ከቀትር በኋላ ደወለላት። ድምፁ ተሰባብሯል። «ነይልኝ» አለ ብቻ።

ባለ አንድ ክፍል ቤቱ ውስጥ ጠረጴዛ ላይ ያልተከፈተ ጠርሙስ፣ ፊት ለፊቱ ሸጋው።

«ወይ ውሰጂልኝ» አላት፣ «ወይ ክፈቺልኝ።»

ይህችን ቀን ስንት ጊዜ በሐሳቧ ሰፍታታለች። ክዳኑን አንዴ መጠምዘዝ ብቻ ነው የቀራት። እጇን ሰደደች፤ ቀዝቃዛው ጠርሙስ መዳፏ ውስጥ ገባ። ከዚያ ሸጋውን ትክ ብላ አየችው።

«እናቴ የሞተች ቀን ስልክ አንስተሃል» አለችው።

አላስታውስም ቢል ኖሮ ትከፍትለት ነበር።

«አንስቻለሁ» አለ። «ሆቴሉ በማግስቱ መጋረጃውን ይፈልግ ነበር። ብነግርሽ ትሄጃለሽ፣ ከሄድሽ ማን ይሰፋዋል? ጧት እነግራታለሁ ብዬ ነበር። ጧት ደግሞ ፈራሁ።»

«ጧት ጠርሙስ ሰጠኸኝ።»

«ሰጠሁሽ።»

ያን ጊዜ ነው የገባት። ይህ ሰው ዛሬ ቢጠጣ ነገ ሁሉንም ይረሳዋል፤ ተነገወዲያ ደግሞ ሰው ያዝንለታል። ምስኪን፣ ያን ያህል ታግሎ ወደቀ ይባልለታል። እሷ የእናቷን ሞት በደረቅ አንጀቷ ስትሸከም እሱ በአንድ ጠርሙስ ሊገላገል ነው።

ተነስታ ቧንቧውን ከፈተች። ትንፋሿን ይዛ ጠርሙሱን እስከ ጭላጩ ደፋችው። ሽታው ግን ትንፋሽ ሲያጥራት ጠብቆ አፍንጫዋ ገባ፤ ማጠቢያውን ጨብጣ ቆመች። ከዚያ ስልኳን አወጣችና እህቷ ጋ ደወለች፤ ድምፁን ከፍ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«ለኔ የነገርከኝን ለእትዬ በራስህ አፍ ንገራት። አንድ ቃል እንዳታስቀር።»

ነገራት።

«ድምፅህን አውቄዋለሁ» አለች ታላቅየዋ። ከዚያ «አንቺስ አለሽ እዚያ?»

«አለሁ እትዬ።»

«አልሰማሽም ነበር?»

«አልሰማሁም።»

የማልቀስ ድምፅ መጣ። በቀብሩ ቀን እንኳ እንዲህ አላለቀሰችም ይባላል። ሲወጣላት አፍንጫዋን ጠረገችና ወደ ሰውየው ተመለሰች። «እናቴ በር በሩን እያየች ነው የሄደችው» አለችው። «አንተም እሱን ይዘህ ኑር።» ዘጋችው።

ሸጋው በማግስቱ ሄዶ ለኃላፊዋ የሠራውንም የደበቀውንም ተናገረ፤ ከአጋዥነቱም ተነሳ። ኃላፊዋ መጋረጃ ሰፊዋንም ጠርታ በውሸቷ ወቀሰቻት፤ ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ነው ብላ መከረቻት።

«እኔ መች ጸለይኩ?» አለች።

ሌላ አጋዥ ስትመርጥ እህቷ አብራት ገባች፤ ለአጋዦቹ ጥያቄ ያቀረበችውም እሷ ናት። የቀድሞ የአውቶቡስ ሾፌር የሆነች፣ ድምፀ ወፍራም ሴት መረጡ። ሴትየዋ ስለ አምሮት ሲወራላት ኮስተር ብላ «እሱን እኔም አውቀዋለሁ፤ ምሳ በልተሻል?» ትላለች።

ሸጋው አልጠጣም። ከአውቶቡስ ጣቢያ ጀርባ ባለው መንገድ ላይ ትራስና ፍራሽ የሚሸጥበት ቤት ተቀጥሯል። ለመጋረጃ ሰፊዋ ወደ ሥራዋ የሚያቀርባት ሌላ መንገድ አለ። እሷ ግን በዚያ ታልፋለች፤ ጧት፣ ፀሐይ ፊት ለፊት እየመታት፣ ቀስ ብላ። እሱ አንገቱን ሲደፋ ታየዋለች። አንገቱን ሳይደፋ የቆየ ቀን፣ እስኪደፋ ቆማ ትጠብቀዋለች።